ደረቴን ያሳከመኝ «አዎ»

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ምስር ልገዛ እዚህ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት የሕንድ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። ምስር የትም ይገኛል፤ ከእኔ ሰፈር ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ለምስር እዚያ ድረስ መምጣት የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም፤ ልጆቼም ይህንኑ ነው የሚሉኝ። ግን በዓመት አንዴም ሁለቴም እግሬ ይዞኝ ይመጣል። ያን ዕለት ከቅመሙ መደርደሪያ ፊት ስደርስ አንድ ሽታ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ሂንግ ይሉታል። ከአንድ ተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ጥሬውን ያሸተተ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፣ የጋለ ዘይት ሲነካው ግን ጠባዩን ይለውጥና የጠገበን ሰው ያስርባል። ቆርቆሮውን አንስቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳሸት ከኋላዬ «ዜኑ ዲዲ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ስሜ ዘይነባ ነው። ዜኑ ብለው የሚጠሩኝ በዚህ ዓለም ላይ የአንድ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ዲዲ ደግሞ በእነሱ አነጋገር ታላቅ እህት ማለት ነው። ዞር ስል ከፊት በኩል ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች። ሒና ነበረች። እኔ የማውቃት ሒና ሁለት ጉንጉን ተሠርታ፣ የአንድ እግሯ ካልሲ ሁልጊዜ ወርዶ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ እያለች ደረጃውን ስትንደረደር ነው። ባለሱቁ እስኪታዘበን ድረስ ተቃቅፈን አለቀስን። የልጆች ወሬ ተጠያየቅን፣ በጉልበት ሕመምም ተወዳደርን። በመጨረሻ «ማሲስ?» አልኳት። ማሲ እናቷ ናት።

የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በእኛው ልመልሰው። «በበረዶው መሀል ስትሮክ መታት፣ ዲዲ። ከቫንኩቨር ይዣት ተመልሼ እዚሁ ቅርብ የአረጋውያን ቤት አስገባኋት። አንደበቷ ተዘጋ። አንገቷንም ማንቀሳቀስ አትችልም። የምትሉት ይግባት አይግባት አናውቅም ይሉኛል። እኔን ራሴን፣ የወለደችኝን፣ ትወቀኝ አትወቀኝ እርግጠኛ አይደለሁም።» መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። «መጥተሽ ብታያት ምናልባት…» አላስጨረስኳትም። በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ አልኳት። ምስሩን ረስቼው ወጣሁ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ሰውነቴ እዚህ ነበር፤ ልቤ ግን ከዚያ ዘመን አልመለስ አለኝ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሴቱ ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ከትቶ በበር በጎን የሚገባበት፣ ፀጉር በስፕሬይ ቆሞ የሚውልበት፣ የካሴት ክር ሲዝረከረክ በእስክሪብቶ የሚጠቀለልበት ጊዜ ነበር። አውቶቡስ የምንሳፈረው ከሸሚዝ አዝራር በማትበልጥ ቶከን ነው፤ እሷን በጓንት እጅ ከኪስ ፈልጎ ማውጣት ራሱ ሙያ ይጠይቃል። ካፖርቴን የገዛሁት ከአሮጌ ልብስ ተራ በአምስት ብር ነው፤ ብር የምለው የዚህን አገር ዶላር ነው፣ አፌ ዛሬም አልለመደም። ብሉር መንገድ ላይ ዛሬ የእኛ ሰው ምግብ ቤት በየደጃፉ ተደርድሯል። ያን ጊዜ ያንን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተጉዤ አንድ የአገሬ ሰው ካጋጠመኝ ቀኑን እንደ ዒድ ነበር የምቆጥረው። ነው ወይስ አይደለም እያልኩ የማላውቀውን ሰው ተከትዬ፣ ሶማሌ ሆኖ ሲገኝ ሰላም ብዬው የተመለስኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ከአገር ለምን እንደወጣሁ አልተርክም፤ የዘመኔ ሰው ያውቀዋል፣ ያላወቀውም ባያውቀው ይሻለዋል። በካርቱም በኩል ነው የወጣሁት። ታናሽ እህቴን ፈቲያን እዚያው ሩቅ ዘመድ ዘንድ አስቀምጬ፣ እኔ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ቶሮንቶ ገባሁ። ከደሴ ስንነሳ እናታችን እኔን ነጥላ «ዘይነባ፣ አደራሽን፣ ልጅቷን» ነበር ያለችኝ። ፈቲያንም «መጠጊያ እንዳገኘሁ አስመጣሻለሁ» ብዬ ምዬላታለሁ። በዚያን ጊዜ ስተኛም ስነሳም የማስበው ይህንኑ ነበር።

ኮሌጁ ውስጥ የውጭ ተማሪዎችን የምትረዳ አንዲት ደግ ሴት ነበረች። «ከቤተሰብ ጋር ብትኖሪ እንግሊዝኛሽ ይፈታል» ብላ ከአንድ ቤተሰብ ጋር አገናኘችኝ። እንግሊዝኛዬን የሚፈታልኝ ቤተሰብ ከሕንድ ከመጣ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው፣ የቤቲቱ እመቤትም ከእኔ ያነሰ እንግሊዝኛ የምታውቅ ሆና ተገኘች። ቤታቸው ቶርንክሊፍ ነው፤ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ፣ ሊፍቱ ሲፈልግ የሚሠራበት። በሳሪዋ ላይ የባሏን ሹራብ ደርባ፣ በወፍራም ካልሲ ነጠላ ጫማ ተጫምታ በሩን ከፈተችልኝ። አጭርና ደልደል ያለች ሴት ነበረች። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቃ፣ በጣቷ ደረቷን እየነካች «ማሲ» አለችኝ። የእናት እህት ማለት ነው። ባሏ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ፣ ከመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ትኬት የሚቆርጡ፣ እርጋታ ያላቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ «እኔን ካካ በይኝ» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ካካ በእኛ አገር ሕፃን ምን ሲያደርግ እንደሚባል ታውቃላችሁ። የአባት ወንድም ማለት እንደሆነ ካስረዱኝ በኋላ እንኳ፣ ስጠራቸው ከንፈሬን ነክሼ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ በልቤ እሳቸውን አንቱ፣ ማሲን ግን ሳላስበው አንቺ እላት ነበር። ቤታችንም አባቴን አንቱ፣ እናቴን አንቺ ስል ነው ያደግሁት።

በዚያ ቤት ሥጋ የሚባል ነገር አይገባም። እንቁላልም አይገባም። ለእኔ ይህ ሲሳይ ነበር፤ የታረደው በማን እጅ ነው ብዬ የምጨነቅበት ነገር ቀረልኝ። ደሴ ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ በላይነሽ በሁዳዴ የሚልኩልንን ሽሮና ስልጆ እየበላሁ ያደግሁ ስለሆንኩ የጾም ምግብ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ግን ጾም ቢረዝም ፋሲካ አለው፤ እዚህ ቤት ፋሲካ የለም። ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር የምትኖር መሪማ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፣ የጅማ ልጅ፣ ምላሷ የማያርፍ። ስታየኝ «ዛሬም አልተፈታም?» ነበር ሰላምታዋ። ይሁንና የማሲን ቂጣ፣ ሰናፍጩና ሂንጉ በዘይት ጠሽ ጠሽ ሲል፣ በቅመም ከተዘፈዘፈው ሎሚ ጋር አንዴ ያጣጣመ ሰው ሥጋ ለምን እንደሚፈለግ ይጠፋዋል። ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ማሲ ለአምላኮቿ መብራት የምታበራባት ትንሽ መደርደሪያ አለች። እኔ ክፍሌ ውስጥ ስሰግድ ደግሞ ሒና ቴሌቪዥኑን እንድትቀንስ በጣቷ ትገሥጻታለች። ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን አውርተን አናውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እኛ «አዎ» ለማለት ቃል አናባክንም። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ በቃ። ያላደገበት ሰው ሲሰማው የደነገጥን ወይም መርፌ የወጋን ይመስለዋል። ይህን ዛሬ ነው የምላችሁ፤ ያን ጊዜ እንደማደርገው ራሴም አላውቅም ነበር። የገዛ ትንፋሹን ማን ያዳምጣል? በመጀመሪያው ቀን ማሲ «በላሽ?» አለችኝ። ሳብ አደረግሁ። ዓይኗ ፈጠጠ። መዳፏን ደረቴ ላይ አስቀምጣ እንደ ሐኪም ካዳመጠች በኋላ ምላሷን እየመታች ወጥ ቤት ገባችና እርድ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ የፈላበት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ትኩስ ወተት አመጣችልኝ። እኔ እንግዳ የሚቀበሉት በዚህ ነው ብዬ ጠጣሁ። «ጥሩ ነው?» አለችኝ። ሳብ አደረግሁ። ሁለተኛ ብርጭቆ መጣ።

በዚህ ሁኔታ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላህ ነው የሚያውቀው። ብርድ አለሽ? ወደ ትምህርት ቤት ልትሄጂ ነው? ለሚለው ሁሉ በጨዋ ደንብ ሳብ ባደረግሁ ቁጥር ያ ቢጫ ወተት ይከተለኛል። አንዳንድ ቀን ከወተቱ ሌላ የሚያቃጥል ቅባት ይመጣል፤ ሳልወድ ጀርባዬን ታሻኛለች። ለመሪማ «ወተት የሚወዱ ሰዎች ናቸው» ብዬ ነበር ያጫወትኳት። ማሲ በበኩሏ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ለጎረቤቶቿ «ቤቴ ያለችው ልጅ ጥሩ ልጅ ናት፣ ምን ያደርጋል፣ ደረቷ አልቋል» ትል ነበር።

የእሷም «አዎ» ለእኔ እንዲሁ ነበር። እኛ ዘንድ ራስ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ነገሩ አለቀ፣ እንቢ ነው። ማሲ ግን ደስ ሲላትም፣ ስትስማማም፣ «ምን ጥያቄ አለው» ለማለትም ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ዘንበል ነው የምታደርገው። «ማሲ፣ ልብሴን እዚህ ላጥበው?» እላታለሁ፤ ራሷን ታወዛውዛለች፤ ልብሴን ተሸክሜ ታች ካለው የሕዝብ ማጠቢያ እወርዳለሁ። «በስልኩ ላውራ?» እላለሁ፤ ታወዛውዛለች፤ በበረዶ መንገድ ተሻግሬ ከሣጥን ስልክ እደውላለሁ። በዓለም ላይ ከምግብ በቀር ሁሉን የምትከለክል፣ ግን እንደ እናት የምታቅፍ እንዲህ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም ነበር። ከካካ ጋር ቢሆን በቃል ነው የምንግባባው፤ እሳቸው ግን እኔ ስገባ ይወጣሉ። ከሒናም ጋር የምናወራው በቪዲዮ ስለሚከራዩት የሕንድ ፊልሞች ነው። የፊልሟ ተዋናይ ስታለቅስ ለምን እንደምትዘፍን እሷ ታስረዳኛለች፣ እኔ ሳብ አደርጋለሁ።

አንድ ቀን የፈቲያ ወረቀት አለቀ ተባለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትገባለች። ደስታው አንድ ነገር ነው፤ ወዴት ነው የማስገባት? ያለኝ የአንድ ሰው ክፍል ነው፣ እሱም የሰው። ቀኑን ሙሉ በልቤ ሳጠና ውዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ማሲ ቂጣ ትዳምጣለች።

«ማሲ፣ እህቴ» አልኳት። «ፈቲያ። ከካርቱም ልትመጣ ነው። ከእኔ ጋር፣ በእኔ ክፍል፣ ቤት እስክናገኝ ብቻ። ትምጣ?»

መዳመጫውን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ትክ ብላ እያየችኝ ራሷን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገች። ከዚያ ዱቄት በነካው እጇ ጉንጬን ዳበስ አድርጋ ወደ ቂጣዋ ተመለሰች።

«እሺ፣ ማሲ» ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ቅስሜ ተሰበረ። አልፈርድባትም፤ የሰው ቤት ነው፣ የሰው ኑሮ ነው። እንዲያውም አዝና፣ አልቅሳ ነው እንቢ ያለችኝ ብዬ ለእሷም አዘንኩ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ። ግን እዚያች አልጋ ላይ ተቀምጬ ለፈቲያ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳሰላስል አመሸሁ።

ሌላ ሕዝብ ቢሆን ተመልሶ ይጠይቃል፣ ይለምናል፣ ቢያንስ ለምን ይላል። እኛን ይሉኝታ ይይዘናል። አንዴ እንቢ የተባለን ነገር ደግሞ ማንሳት ሰውን ማስጨነቅ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ጠዋት ወጥቼ ምሽት እየገባሁ ክፍል ፍለጋ ተያያዝኩ። መሪማ «እኛ ጋር ሙቭ አድርጊ፣ ፍሎር ላይም ቢሆን እንተኛለን» አለችኝ። እነሱ አራት ሆነው ነው አንድ ቤድሩም የተከራዩት። «የሕንፃው ሱፐር ካወቀ ግን ኖቲስ ሰጥቶ ያስወጣናል፣ ልጅቷን ድምፅ አታሰሚ በያት» አለችኝ። ፈቲያን ከካርቱም አምጥቼ ድምፅሽን አታሰሚ ልላት ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ጀመረ። ካካ የሆነ ቦታ ያገኙትን ተጣጣፊ አልጋ አቧራው እያስነጠሳቸው ተሸክመው ገቡ። ማሲ አሮጌ ሳሪዎቿን ቀዳ፣ ደራርባ፣ ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ትሰፋለች፤ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ እንደ ሎሚ ያለ አረንጓዴ። አንድ ከሰዓት በኋላ ካካን ሊፍቱ በር ላይ አገኘኋቸውና «እንግዳችን ሊገባ ነው፣ ያ አልጋ ይበቃል ትያለሽ?» አሉኝ። ክፍሌን ለሌላ ሰው አከራይተውታል ማለት ነው። ፊቴን ወደ ሊፍቱ በር አዙሬ ሳብ አደረግሁ። ካካ በሐዘኔታ አዩኝና «ወተቱን አትተዪ» ብለውኝ ገቡ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ሁሉም እዚያው ይፈታ ነበር።

ፈቲያ ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሻንጣዬን ሸክፌ ወደ ሳሎን አወጣሁ። መሪማ ልትረዳኝ መጥታ ታች ትጠብቀኛለች። ማሲ የብርድ ልብሱን ዳር እየቋጨች ነበር። ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች።

«የት?» አለችኝ።

«ሴንት ጄምስ ታውን። ከእህቴ ጋር ልኖር።»

መርፌው ከእጇ ወደቀ። «ቤቴ ክፉ ነው?» አለች በዚያ ትንሽ እንግሊዝኛዋ። «ምግቤ ክፉ ነው?»

«አይደለም ማሲ፣ ውላሂ አይደለም።»

«ትሄጃለሽ?»

ሳብ አደረግሁ። ማሲ ፊቷ ልውጥ አለ፤ ብድግ ብላ ወጥ ቤት ሮጠች፣ የወተቱ ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ። ትቻት ልሄድ ነው እያልኳት እሷ ደረቴን ልታክም ነው። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ። ካካ የዚያን ቀን ተረኛ አልነበሩም፤ ከመኝታ ቤት መነጽራቸውን እያደረጉ ወጡ። ሒናም ተከተለቻቸው።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«እህቴ አትመጣም አላችሁ» አልኩ። «ደግሞም ልክ ናችሁ። ግን ክፍሌን ለሌላ ሰው ከሰጣችሁት ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ማነው አትመጣም ያለሽ?»

«ማሲ።»

ካካ ወደ ወጥ ቤት በቋንቋቸው ጮኹ። ማሲ ማንኪያ እንደያዘች ወጣች፤ አንድ ነገር ተባባሉ። ካካ ወደ እኔ ዞሩ። «አላልኩም ትላለች። ምን ብላ ነው እንቢ ያለችሽ?»

«እንዲህ ብላ» አልኩና ራሴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ዘንበል አደረግሁ።

ሒና መሬት ላይ ተዘርግታ ሳቀች። ካካ አልሳቁም። መጥተው ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። «ልጄ፣ ያ አዎ ነው። ከአዎም ይበልጣል። ‹ይህም ይጠየቃል እንዴ› ማለት ነው። አልጋው የማን መሰለሽ? ይህ ሁሉ ቀለም የማን መሰለሽ? ሚስቴ እኮ ልጅቷ ከሙቅ አገር ነው የምትመጣው ብላ ጣቷ እስኪደማ ነው የሰፋችው።»

የማሲን ጉልበት ልስም ስዘረጋ ማንኪያውን እንደያዘች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በዚህ መሀል መሪማ መጠበቅ ሰልችቷት ኖሮ በሩን በርግዳ ገባች። እኔ አለቅሳለሁ፣ ማሲ ታለቅሳለች፣ ልጅቷ ትንከተከታለች። «ምንድነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለች በአማርኛ። ማሲ ዓይኗን ጠርጋ፣ እንግዳ እንግዳ ነውና፣ ያንን ወተት ቀዳችላት።

«ትጠጫለሽ?» አለቻት።

መሪማ ሳብ አደረገች።

ማሲ ብርጭቆውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መሪማን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና መሪማን አየች። ለካካ በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ካካ ጉሮሯቸውን ጠራርገው በትሕትና ጠየቁ። «ሚስቴ… ይህችኛዋም ደረቷን ታማለች ወይ ትላለች።»

«ምን ደረት?» አለች መሪማ።

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ወተት፣ ያ ሁሉ ቅባት፣ ያ ሁሉ የጀርባ መታሸት ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «ማሲ» አልኩ፣ «አልታመምንም። እኛ አዎ የምንለው እንዲህ ነው።» ሳብ አድርጌ አሳየኋት። ማሲ ራሷም ሞከረችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳቋ አምልጧት ወንበር ላይ ተዘረጋች። ካካም ያኔ ሳቁ። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ ማሲ ለሌለብኝ በሽታ ያን ያህል መድከሟን ሳስበው፣ እኔም ያንን መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ አልፈልግም ሳልል መጠጣቴን ሳስበው፣ ከዚህ ወዲያ ዝምድና ምን አለ እላለሁ።

በማግስቱ ማሲ ካልሄድኩ ብላ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጣች፤ የሒናን ካፖርት በክንዷ ይዛለች። ፈቲያ በነጠላ ጫማ፣ ባንድ ዘንቢል፣ ዓይኗ ፊቷን ሞልቶት ብቅ አለች። ተላቅሰን ሳንጨርስ ማሲ ካፖርቱን ደርባባት፣ አገጯን ይዛ ቀና አደረገችና «ራበሽ?» አለቻት። ፈቲያ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የእጅ ምልክቱ ግን ገባት። ሳብ አደረገች። ማሲን በቆረጣ አየኋት። ደረቷን አልነካቻትም። ከቦርሳዋ በፎይል የተጠቀለለ ቂጣ አውጥታ ሰጠቻትና ወደ እኔ ዞራ፣ ኮርታ፣ ራሷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች።

ቤት እስክናገኝ ብቻ ያልኩት ዓመታት ፈጀ። ፈቲያ ከዚያ ቤት ነው ትምህርት ቤት የገባችው፤ የእነማሲን ቋንቋ፣ ጉጃራቲን፣ ከእንግሊዝኛ በፊት ለመደች፣ ማሲም ከአማርኛ «ብዪ» እና «ተዪ» የሚሉትን ሁለት ቃሎች። በዚያ ቤት ሁለት ዓይነት አዎ ነበር። እኛ ለማሲ ራሳችንን እናወዛውዛለን፣ እሷ ለእኛ ትንፋሿን ትስባለች፤ በተለይ ሰው ፊት ሆን ብላ ከረር አድርጋ ስለምትስብ እንግዳ ይደነግጣል። እኔም ፈቲያም የተዳርነው ከዚያ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ካካ ዘንድ ነው የተላኩት፣ እሳቸውም በደንብ አመላልሰው ነው እሺ ያሉት። ኋላ ካካ አረፉ። ማሲ ከሒና ጋር ቫንኩቨር ሄደች። በዒድ እሷ ትደውላለች፣ በመብራት በዓላቸው እኔ እደውላለሁ፤ እያደር ጆሮዋ ደከመ፣ ስልኩም ሳሳ። ኑሮ ነው።

ለሒና እንዳልኳት እሑድ ሄድኩ። ማሲ መስኮት አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ተኝታለች። ያች ደልዳላ ሴት አልቃ አንሶላው ሥር ያለች አትመስልም። ያ የማያርፈው ራስ ትራሱ ላይ ቀጥ ብሏል። ሒና ከጎኗ ቆማለች፣ አንዲት ወጣት አስታማሚ ምግብ የቀረበበትን ሳህን ታነሳለች። የማሲ ዓይን ወደ እኔ ዞረ፤ አወቀችኝ ወይስ ብርሃን ሆኜባት ነው? እጇን ይዤ የማይጠየቅ ጥያቄ ሁሉ ጠየቅኋት። እኔን ታውቂኛለሽ? ማን ነኝ? ያምሻል? አስታማሚዋ በደግነት «እኛም ስንጠይቃት አትመልስም፣ አይዞዎት» አለችኝ። ሒና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለመሄድ ስነሳ የፈቲያ መልእክት ትዝ አለኝ። ኦታዋ ነው የምትኖረው፤ ማታ ደውላ «ልምጣ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላ ስትነጫነጭብኝ ነበር ያመሸችው። ወደ ማሲ ጆሮ ጎንበስ አልኩና በዚያችው ሰባራ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኋት።

«ማሲ፣ እህቴ። ፈቲያ። ልትመጣ ትፈልጋለች። ትምጣ?»

ማሲ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

አስታማሚዋ ሳህኑን ጥላ «ትንፋሽ አጠራት!» ብላ ወደ ኦክስጅኑ ሮጠች። ክንዷን ያዝኳት። «ተዪ፣ የኔ ልጅ። አልታመመችም» አልኳት። ሒና ዘወር ብላ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች። ደግሜ ጠየቅኋት። «ትምጣ?» ማሲ ደግማ ሳበች፤ እንደ ዱሮዋ ከረር አድርጋ። ያን ጊዜ ሒና ገፋ አድርጋኝ አልጋው ጠርዝ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። «እማ፣ ታውቂኛለሽ?» አለቻት፤ ድምፅዋ እንደዚያች ባለ ሁለት ጉንጉኗ ልጅ ቀጥኗል።

ማሲ ሳብ አደረገች።

ሁለቱን ትቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ለፈቲያ ደወልኩላት። ገና አንድም ሳይጠራ አነሳችው።

«ኧረ እህቴ፣ እንዴት ናት? ተናገረች? ምን አለች?»

«ነይ ብላሻለች» አልኳት።